በባሮ ዳር አንድ መዝገብ ይከፈት

ለጋምቤላ ሕዝቦች ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ጤና ቢሮ
ለጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ
ግልባጭ፦ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት

ጉዳዩ፦ የአንገትና የጭንቅላት ካንሰር መረጃ በክልሉ እንዲመዘገብና በክልሉ ውል ከሌሎች ጋር እንዲጋራ ስለመጠየቅ

ኢትዮጵያ ውስጥ በዓመት ስንት ሰው በካንሰር ይያዛል ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ በአብዛኛው የሚመጣው ከአንድ ከተማ ነው። በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በ2011 የተቋቋመው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ የመዲናዋን ነዋሪዎች እየተከታተለ ይመዘግባል (በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ዓመታቱ፣ ከአዋጅ ቁጥር በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ መዝገብ ዋና መሠረት አድርጎ፣ ከሌሎች ሆስፒታሎች ያገኘውንም አክሎ፣ በ2015 በመላ አገሪቱ 64 ሺህ ያህል ሰው በካንሰር እንደተያዘ ገምቷል። ሥራው የሚመሰገን ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ወሬና ግምት ብቻ ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ወባ የማይዘልቅባት ከተማ ናት። ጋምቤላ ከተማ 500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ባሮ ዳር፣ ከወባ ጋር የምትኖር ናት። የአንዷን ካንሰር አይቶ የሌላዋን መገመት ለጡት ወይም ለአንጀት ካንሰር እንደ ነገሩ ያስኬድ ይሆናል። በልጆች መንጋጋ ላይ ለሚወጣው ግን ፈጽሞ አያስኬድም።

መጀመሪያ የሚታየው የጥርስ መነቃነቅ ነው። የአምስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ የመንጋጋ ጥርሱ ያለ ጊዜው ይላላል፤ ቤተሰቡ የወተት ጥርስ ሊወልቅ ነው ብሎ ዝም ይላል። በሳምንታት ውስጥ ጉንጩ ያብጣል፣ ድዱ ይገፋል፣ አንዳንዴም ዓይኑ ተገፍቶ ይወጣል። ጥርሱ ይነቀልለታል፤ እብጠቱ ግን ይቀጥላል። ቡርኪት ሊምፎማ የሚባለው ይህ በሽታ በትክክል ሲመደብ የሊምፍ ሴሎች ካንሰር ነው፤ በአፍሪካ ልጆች ላይ ግን ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው በመንጋጋ በኩል ስለሆነ ጥርስ ሐኪምና የአንገት በላይ ሐኪም ቀድመው ያገኙታል። በሰው ላይ ከሚታዩ ካንሰሮች በዕድገት ፍጥነት የሚስተካከለው ጥቂት ነው፤ ሴሎቹ በአንድ ወይም በሁለት ቀን እጥፍ ይሆናሉ። ይኸው ፍጥነቱ ደግሞ ለመድኃኒት ያጋልጠዋል። ሳይክሎፎስፋሚድ የተባለው፣ ውድ ያልሆነና የቆየ መድኃኒት፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የብዙ ልጆችን እብጠት ሲያሟሽሽ ታይቷል። በጊዜ የደረሰ ልጅ ሊድን ይችላል፤ የዘገየ ይሞታል። ልዩነቱ የሳምንታት ጉዳይ ነው።

ይህ በሽታ እንዴት ታወቀ የሚለው ታሪክ ለጋምቤላ ከማንም በላይ ይጠቅማል።

በ1957 ካምፓላ በሚገኘው ሙላጎ ሆስፒታል የሚሠራው አየርላንዳዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዴኒስ ቡርኪት፣ መንጋጋው በአራቱም በኩል ያበጠ ልጅ እንዲያይ ተጠራ። ምንነቱ አልገባውም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጂንጃ ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል በመስኮት ወደ ውጭ ሲያይ ያንኑ የመሰለ ፊት ያለው ሌላ ልጅ ተመለከተ። ከዚያ ወዲያ ያደረገው ነገር የተለየ መሣሪያ አልጠየቀም፤ የድሮ መዝገብ ማገላበጥ ያዘ። በ1958 የ38 ልጆችን ጉዳይ ሰብስቦ በእንግሊዝ የቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ አሳተመ። ቀጥሎ የሕሙማኑን ፎቶግራፍ የያዘ በራሪ ወረቀት በአፍሪካ ውስጥ ላሉ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሆስፒታሎች በፖስታ ላከና እንዲህ ያለ አጋጥሟችሁ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀ። የመጣለትን መልስ በካርታ ላይ አሰፈረ። በ1961 ከሁለት የሚሲዮን ሐኪሞች ጋር በአሮጌ ፎርድ መኪና ከካምፓላ ተነሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ወርዶ ተመለሰ፤ ወደ 16 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። የደረሰበትም ይኸው ነው፦ በሽታውን የሚወስነው ከፍታ፣ ሙቀትና ዝናብ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ በግምት ከ1,500 ሜትር በላይ በሽታው ይጠፋል። ካርታው ከወባ ካርታ ጋር ይገጥማል።

በዚያው በ1961 ቡርኪት ለንደን ውስጥ በሚድልሴክስ ሆስፒታል ንግግር ሲያደርግ ከአድማጮቹ መካከል አንቶኒ ኤፕስታይን የሚባል ተመራማሪ ነበር። ሁለቱ ተስማሙና ከካምፓላ ወደ ለንደን የእብጠት ናሙና በአውሮፕላን መላክ ጀመረ። ለሁለት ዓመት ያህል ምንም አልተገኘም። በታኅሣሥ 1963 አንዱ ናሙና በጉም ምክንያት አውሮፕላኑ ወደ ማንችስተር በመዞሩ ዘግይቶ ደረሰ፤ ፈሳሹ ደፍርሶ ስለነበር የተበላሸ መሰለ። ከመጣሉ በፊት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ድፍርሱ ተላቀው የሚንሳፈፉ ሕያዋን የካንሰር ሴሎች ሆነው ተገኙ። ከእነዚህ ተባዝተው ካደጉት ሴሎች ውስጥ ኤፕስታይን፣ አቾንግና ባር በ1964 አዲስ ቫይረስ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ኤፕስታይን ባር ቫይረስ በሰው ካንሰር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘ ቫይረስ ነው፤ ኋላም ከአፍንጫ ጀርባ ካለው የጉሮሮ ክፍል ካንሰር ጋር መያያዙ ተረጋገጠ። አንድ ሐኪም ያየውን ጻፈ፣ የጻፈውን ላከ፣ የላከውን የተቀበለ ደግሞ መለሰለት። ዓለም አቀፍ የምርምር ትብብር የሚባለው ነገር በዚህ ጉዳይ ላይ ከዚህ የረቀቀ አልነበረም።

ታሪኩ እዚያ አላበቃም፤ ወደ ጋምቤላም የሚቀርበው ቀጣዩ ክፍል ነው። መቀመጫውን ሊዮን ያደረገው የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ከ1972 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ዩጋንዳ፣ ዌስት ናይል በተባለው አካባቢ፣ ከ42 ሺህ ልጆች ደም ወስዶ አስቀመጠና ማን በኋላ እንደሚታመም ተከታተለ። በ1978 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣው ውጤት በኋላ የታመሙት ልጆች ቀድሞውኑ በደማቸው ውስጥ ለዚህ ቫይረስ የሚሰጠው ምላሽ ከፍ ያለ እንደነበር አሳየ። ለምን ዌስት ናይል ተመረጠ? ኩሉቫ በምትባል ቦታ በሚገኝ ትንሽ የሚሲዮን ሆስፒታል፣ ከቡርኪት ጋር ወደ ደቡብ የተጓዘው ቴድ ዊሊያምስ ለዓመታት የእያንዳንዱን ሕፃን ጉዳይ በእጁ ሲጽፍ ኖሮ ነበር። ልጁ ከየት መንደር እንደመጣ፣ መቼ እንደታመመ ተጽፏል። ትልቁ ጥናት የሄደው መዝገብ ወደነበረበት ነው።

ከዌስት ናይል የሚወርደው ነጭ ዓባይ እየሰፋ ሄዶ ሶባትን ይቀበላል። ሶባት ማለት ባሮና ፒቦር ተገናኝተው የሚሠሩት ወንዝ ነው። ጋምቤላ በዚሁ ተፋሰስ ላይ ናት፤ ሕዝቧም ከድንበሩ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው። ከዚህ በላይ አንድ ሌላ ነገር አላት። ከጋምቤላ ተነሥቶ በቡሬ በኩል ወደ ጎሬ የሚወጣው መንገድ ከ500 ሜትር ተነሥቶ ወደ 2,000 ሜትር ይደርሳል። ቡርኪት በመኪና አህጉር አቋርጦ የፈለገው የከፍታ ድንበር እዚህ በአንድ ቀን የአውቶቡስ ጉዞ ውስጥ ይታለፋል። ከታች ወባና ሙቀት፣ ከላይ ብርድና ቡና። በሽታው የት ይቆማል፣ እየሞቀ በሚሄደው አየር ድንበሩ ወደ ላይ እየወጣ ነውን የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ከዚህ የተመቸ ቦታ ማግኘት ይቸግራል።

ሆኖም በዚህ በሽታ ላይ በቅርብ ዓመታት ከተደረጉት ጥናቶች ትልቁ፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም መሪነት ከ2010 እስከ 2016 የተካሄደው፣ ዩጋንዳን፣ ኬንያንና ታንዛኒያን ይዞ ነው። ኢትዮጵያ የለችበትም።

ይህ ሲባል ጋምቤላን ዓለም ረስቷታል ማለት አይደለም። ሲያስፈልገው አግኝቷታል። በ2012 በአሜሪካ የሰው ዘረመል መጽሔት በወጣ ጥናት ከአሥር የኢትዮጵያ ሕዝቦችና ከሁለት ጎረቤቶቻቸው የተወሰደ የ235 ሰዎች የዘረመል መረጃ ታትሟል፤ ከአሥሩ አንዱ የአኝዋክ ሕዝብ ነው። ጥናቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን የተሳተፉበት፣ ጥሩ ጥናት ነው፤ መረጃውንም ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመራማሪዎች ደጋግመው ተጠቅመውበታል። ይህን ያነበበ የክልሉ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ቢያነሣ አይፈረድበትም፦ የአኝዋክ የጥንት አመጣጥ በካምብሪጅ ኮምፒዩተር ላይ ሲተነተን፣ የአኝዋክ ልጅ መንጋጋ በኢታንግ ጤና ጣቢያ ስለምን አይቆጠርም?

መልሱ በከፊል ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም መነሻ አለው። በ2005 ኢትዮጵያ የጤፍ ዘረመልን በሚመለከት ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት ፈረመች። ኩባንያው በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስመዘገበ፤ ኢትዮጵያ ከስምምነቱ ያገኘችው ጥቅም ከቁጥር የሚገባ አልሆነም። የሆላንዱን ባለቤትነት የሔግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2018 መጨረሻ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ «መረጃ ስጡን» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው መሳቢያ ውስጥ ቢከተው አይገርምም። መሳቢያ ውስጥ የገባ መረጃ ግን የታመመውንም ልጅ አይጠቅምም፣ ክልሉንም ከማንም አይጠብቅም።

ጋምቤላ በዚህ ረገድ ከሌላው ክልል የተለየ የራሷ ታሪክ አላት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ ጋር የፈረሙት ውል ለሱዳን መንግሥት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት እንዲከራይ ፈቀደ። ውሉ ልቅ አልነበረም። በወንዙ ዳር ያለው ርዝመት ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ ለፖለቲካም ለጦርነትም እንዳይውል፣ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ብቻ እንዲጸና ተጽፎበታል። በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ እየመጣ ቡና ጭኖ ወደ ካርቱም ይወርድ ነበር። ሱዳን በ1956 ነፃ ስትወጣ ጣቢያው ተመለሰ። በቅኝ ገዢ ዘመን፣ በእንግሊዝ ጉልበት ፊት፣ መጠን፣ ዓላማና ማብቂያ ያለው ውል መጻፍ ከተቻለ ዛሬ ስለ አንድ የኤክሴል ፋይል መጻፍ ከባድ ሊሆን አይገባም። ይህ ደብዳቤ የሚለውም ይህንኑ ነው፦ መረጃው ይሰጥ፤ ግን መጠኑ፣ ዓላማውና ጊዜው ተጽፎ።

ሕጉም አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ያስገባዋል፣ ከአገር ለሚወጣ መረጃም ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ደግሞስ መረጃው የግድ መውጣት አለበት ያለው ማን ነው? በ2020 የታተመ አንድ ሥራ በአምስት አገሮች ያሉ 8 ተቋማት የ20 ሺህ የሳንባ ካንሰር ሕሙማንን መረጃ በየቤታቸው እንደያዙ በጋራ እንዴት እንደተነተኑ አሳይቷል። የተጓዘው ስሌቱ ነው፤ የሕሙማኑ ፋይል ከሆስፒታሉ ደጅ አልወጣም። ለጋምቤላ ኢንተርኔት ይህ ዛሬውኑ ይሠራል ማለት የዋህነት ነው። ነገር ግን «ወይ ሁሉን ስጡ፣ ወይ ተዉት» የሚለው ምርጫ ጊዜው አልፎበታል።

የአዋቂዎቹ ጉዳይም ከልጆቹ ያነሰ አይደለም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ሰው በአፍ፣ በምላስ፣ በጉሮሮ፣ በማንቁርትና በአካባቢው ካንሰር ይያዛል። ዋናዎቹ ምክንያቶች ትምባሆና አልኮል ናቸው፤ ይህን በቁጥር ያጠራው ደግሞ በ2004 የተቋቋመው ኢንሃንስ የተባለ የተመራማሪዎች ጥምረት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በየአገሩ ለየብቻ የተሠሩ ጥናቶችን ጥሬ መረጃ አንድ ላይ ያደርጋል። ከአንድ ከተማ ብቻ፣ ጠጥቶ የማያውቅ ግን የሚያጨስ፣ በማንቁርት ካንሰርም የተያዘ ሰው ፍለጋ ቢኬድ የሚገኘው በጣት የሚቆጠር ነው። ከብዙ አገር ሲደመር ግን ትምባሆ ያለ አልኮል፣ አልኮልም ያለ ትምባሆ ምን እንደሚያደርጉ መለየት ተቻለ፤ በ2007 የታተመው ሥራቸው ይህን አደረገ። በዚያ ድምር ውስጥ የአፍሪካ ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው።

ጋምቤላ ሴቶች ማጨሳቸው ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ጎልቶ ከሚታይባቸው ክልሎች አንዷ ናት። በቅል የተሠራው ጋያ በብዙ ቤት ደጅ ላይ ይዞራል፤ ጭሱ በውኃ ውስጥ አልፎ ይሳባል፣ አሮጊቶችም ያጨሱታል። የሲጋራ ጉዳት በለንደንም በሎስ አንጀለስም ተለክቷል። ጋያ በጉሮሮ ላይ የሚያደርሰው ግን በለንደን ሊለካ አይችልም። ይህን መረጃ ለዓለም ማበርከት የሚችለው ጋያ ያለበት አገር ብቻ ነው፤ ለሳይንስም ቢሆን እንዲህ ያለው አስተዋፅኦ መቶ ሰው ካየው ነገር ላይ መቶ አንደኛ ሆኖ ከመጨመር ይበልጣል።

መረጃን ለሌላ ዓይን መክፈት ስሕተትንም ያርማል፤ ለዚህ የአገራችን ምሳሌ አለ። ጋሞ ደጋ ላይ ሞጣ ከተባለ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት ሰው ዘረመል በ2015 ሳይንስ መጽሔት ላይ ሲወጣ ከእስያና ከአውሮፓ በኩል የተመለሰ ሕዝብ አሻራ በመላ አፍሪካ ተሠራጭቷል የሚል ድምዳሜ ይዞ ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ መረጃ ወስደው ቢሠሩት ውጤቱ አልመጣም። አንድ የኮምፒዩተር ሥራ ደረጃ ተዘልሎ ነበር። ደራሲዎቹ ራሳቸው በ2016 መጀመሪያ ማስተካከያ አወጡ፤ አሻራው በምሥራቅ አፍሪካ ጎላ ብሎ ይታያል እንጂ አህጉሩን ሁሉ አላዳረሰም። መረጃው ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ዛሬም በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ነበር።

አሁን ወደ ተግባሩ። የሚጠየቀው ማሽን አይደለም። የጨረር ሕክምና በኢትዮጵያ በ1997 በጥቁር አንበሳ በአንድ የኮባልት ማሽን ተጀምሮ ከሃያ ዓመታት በላይ ከዚያ ሆስፒታል አልወጣም ነበር፤ ዛሬ ጅማም ተጨምራለች፣ ለጋምቤላም የቀረበችው እሷ ናት። የሚጠየቀው መዝገብ ነው። ይህን መዝገብ ለመጀመር የተሻለው ቦታ የጋምቤላ ሆስፒታል የጥርስ ክፍል ነው፤ ያበጠ መንጋጋ ይዞ የሚመጣ ሰው ቀድሞ የሚያንኳኳው ያንን በር ነው። በመዝገቡ ላይ ዕድሜና ጾታ፣ ወረዳ ወይም የመጠለያ ጣቢያ፣ እብጠቱ የት እንደሆነና ከጀመረው ስንት ሳምንት እንደሆነው፣ ወባ ታሞ እንደሆነ፣ ለአዋቂው ደግሞ ጋያ፣ ሲጋራና መጠጥ ይጻፋል። ናሙና ከተወሰደ የት እንደተላከና ምን መልስ እንደመጣ ይሞላል። ከሁሉ የሚረሳው የመጨረሻው ዓምድ ነው፦ ሪፈር የተጻፈለት ሰው ጅማ ወይም አዲስ አበባ ደረሰ ወይስ ከመንገድ ቀረ? ይህን ለማወቅ ከሦስት ወር በኋላ አንድ ስልክ መደወል ይበቃል። ያ ዓምድ ባዶ ከሆነ ሌላው ሁሉ ተሞልቶም ሕክምናው ሠራ ወይስ አልሠራም ማለት አይቻልም።

የስደተኞቹ መጠለያዎች ከዚህ ውጭ እንዳይቀሩ። በኩሌ፣ በቲርኪዲ፣ በንጉኒዬል፣ በጀዊና በፑኝዶ ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች አሉ፤ አብዛኛው ሕፃን ነው። እነርሱን የሚያክሙት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የየራሳቸውን ቅጽ ይሞላሉ። የአንዱ ፕሮጀክት በጀት ሲዘጋ ቅጹ ከኮምፒዩተሩ ጋር ወደ ጄኔቫ ወይም ወደ ናይሮቢ እንዳይሄድ፣ አንድ ቅጂ ለክልሉ መዝገብ እንዲገባ በስምምነታቸው ውስጥ አንድ አንቀጽ ይጨመር። ትንኟ ስደተኛና ነባር ለይታ አትነክስም፤ መዝገቡም መለየት የለበትም።

ጥንቃቄ የሚሻው ስም ብቻ አይደለም። ከክልሉ ሕዝቦች መካከል ኦፖና ኮሞ በቁጥር ጥቂት ናቸው። «የ7 ዓመት ሴት፣ ኮሞ፣ ከዚህ ቀበሌ» ተብሎ ከተጻፈ ስሟ ቢሰረዝም መንደሩ ሁሉ ማን እንደሆነች ያውቃል። በአውሮፓ የሚሠራበት የስም መደበቂያ ደንብ ለሚሊዮን ሕዝብ የተሠራ ነው፤ እዚህ ተገልብጦ አይሠራም። ስለዚህ ከክልሉ የሚወጣው መረጃ ቀበሌንና ብሔረሰብን አንድ ላይ እንዳይዝ የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ደንብ ይጻፍ። ዩኒቨርሲቲው ገና ወጣት ነው፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ከሌሎች ቀድሞ ለትንንሽ ሕዝቦች መረጃ ጥበቃ የሚሆን ደንብ ቢያወጣ ከአዲስ አበባም ሆነ ከውጭ መጥተው ይማሩበታል።

ለውጭ ተመራማሪዎችም አጭር ቃል። ወደ ጋምቤላ የሚመጣ ጥናት የክልሉን ባለሙያ ናሙና ለቃሚ ብቻ አድርጎ እንዳያስቀር፤ መዝገቡን የያዘችው ነርስ ስሟ በጽሑፉ ላይ ይውጣ። የምርመራ ውጤት ለመጽሔት ከመላኩ በፊት ለሐኪሙ ይመለስ፤ ልጁ ሕክምና የሚፈልገው ጽሑፉ ሲታተም ሳይሆን ዛሬ ነው። ናሙና ከአገር የሚወጣ ከሆነ በማስተላለፊያ ውል፣ ከፊሉ እዚሁ ቀርቶ፣ የማብቂያ ቀን ተጽፎለት ይሁን።

ስለዚህ ጤና ቢሮው ከሚቀጥለው ክረምት በፊት በጋምቤላ ሆስፒታል መዝገቡን እንዲከፍትና አንድ ሠራተኛ እንዲመድብ፣ ዩኒቨርሲቲው የመረጃ መጋሪያ ውሉን ረቂቅ እንዲያዘጋጅ፣ ጤና ሚኒስቴርም መዝገቡን በጥቁር አንበሳ ካለው የካንሰር መዝገብና በጅማ ካለው የሕፃናት ካንሰር ሕክምና ጋር እንዲያገናኘው በአክብሮት ይጠየቃሉ። እስከዚያው ድረስ ልጁ ጥርሱ ያለ ጊዜው የተነቃነቀበት፣ ጉንጩም ያበጠበት ወላጅ ይህን ቢያነብ ጥርስ ከማስነቀሉ በፊት ሆስፒታል ይውሰደው።

ከአክብሮት ጋር